ጣት ላይ ቀጥ፣ ሲተኮስ ዘንበል፦ ስለ ሞላ አየር ጠመንጃ ሚዛን

በተኩስ ሜዳ ደጋግሞ የሚታይ ነገር አለ። አንድ ሰው የሞላ አየር ጠመንጃውን (በብረት ሞላ የሚገፋ ፒስተን አየር አምቆ አረሩን የሚያስወጣበትን ጠመንጃ) "አፍንጫው ይከብዳል" ይልና የሰደፉን ጎማ ፈትቶ ውስጡ 300 ግራም ያህል እርሳስ ይጨምርበታል። ከዚያ ጠመንጃው ጣት ላይ ሲያርፍ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሲያነሱት ይቀላል፣ ትከሻ ላይ ሲገባም ደስ ይላል። ወረቀቱ ላይ ግን የተሻለ ነገር የለም። እንዲያውም ቆመው ሲተኩሱ ቀዳዳዎቹ ከበፊቱ ይልቅ ወደ ላይና ወደ ታች ተዘርግተው ይገኛሉ። አየሩ ያው ነው፣ አረሩም ያው ነው፣ ተኳሹም አልተለወጠም።

ይህ ነገር ለረጅም ጊዜ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሚዛኑ ተስተካክሏል ከተባለ ለምን አልጠቀመም? መልሱን ያገኘሁት አንድ ቁጥር ሁለት ቦታ ላይ ብቅ ሲል ነው። ወደዚያ ቁጥር ቀስ ብዬ እደርሳለሁ።

ለምሳሌ የምይዘው በጀርመን ባቫሪያ፣ ሜልሪሽሽታት ከተማ የሚሠራውን የቫይራውህ ኤችደብሊው 97 ነው። ሞላውን ለመወጠር ቱቦው አይሰበርም፣ ማለትም አይታጠፍም። ሞላው የሚወጠረው ከቱቦው ሥር ባለው ዘንግ ነው። ክብደቱ ያለ ቴሌስኮፕ 4 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። የእንግሊዙ ኤር አርምስ ቲኤክስ 200 ያላችሁም ብትሆኑ ስሌቱ ብዙም አይለይም። በእንግሊዝ ሱሴክስ፣ ማግሃም ዳውን ላይ እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረው የሜዳ ዒላማ ውድድር እንዲህ ያሉ ጠመንጃዎች ዛሬም በየክፍላቸው የሚፎካከሩበት ነው። እዚያ ከ7 ሜትር እስከ 50 ሜትር ድረስ ርቀቱ ያልተነገረ የብረት ዒላማ ይመታል፤ የመምቻዋ ቀዳዳ ስፋት ከ40 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። የጥቂት ሚሊ ሜትር ስሕተት ዋጋ የሚኖረው ለዚህ ነው።

የቆመ ሚዛንና የሚንቀሳቀስ ሚዛን

ባሩድ ያለው ጠመንጃ ሲተኮስ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ነገሩ አለቀ። የሞላ አየር ጠመንጃ ግን ሁለት ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ቃታው ሲሳብ ፒስተኑ ወደ ፊት ይወረወራል፣ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይሄዳል። ፒስተኑ ሲሊንደሩ ጫፍ ደርሶ የታመቀው አየር ሲያቆመው ደግሞ ጠመንጃው ወደ ፊት ይመለሳል። አረሩ መንቀሳቀስ የሚጀምረው ፒስተኑ ጉዞውን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ የሚደረገው ጉዞ አብዛኛው የሚያልቀው አረሩ ገና ቱቦው ውስጥ ሳለ ነው። ከቃታው መለቀቅ እስከ አረሩ መውጣት ያለው ጊዜ በሚሊ ሰከንዶች የሚቆጠር ቢሆንም ጠመንጃው በዚያች ጊዜ ውስጥ ዞር ለማለት በቂ ዕድል አለው።

አሁን ቁጥሩ። ፒስተኑና አብሮት የሚሄደው የሞላው ድርሻ 300 ግራም፣ ጉዞው 80 ሚሊ ሜትር፣ ጠቅላላው ጠመንጃ ከነቴሌስኮፑ 4.5 ኪሎ ግራም ነው እንበል። ሞላው ሲወጠር 300 ግራም ብረት 80 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል። የጠመንጃው የክብደት ማዕከልም 0.3 ሲባዛ በ80፣ ሲካፈል ለ4.5፣ ማለትም 5.3 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ይሸሻል። ይህን ያሰላሁት ሚዛኑ የሚለካው ሞላው ተወጥሮ ነው ወይስ ሳይወጠር የሚለውን ጥቃቅን ጥያቄ ለመመለስ ነበር። ከዚያ ጠመንጃው ሲተኮስ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚሄድ ሳሰላ ያው 5.3 ሚሊ ሜትር መጣ።

ትንሽ ቆም ብሎ ለሚያስበው ግን ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው። ጠመንጃው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቢተኮስ የክብደት ማዕከሉ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ፒስተኑ ወደ ፊት በሄደ ልክ የቀረው አካል ወደ ኋላ ይሄድና ሒሳቡ ይዘጋል። ርግጫ የምንለው የሚዛን መቀየር ነው። ጣት ላይ የምንለካው ሚዛን የዚህ ጉዞ አንዱን ጫፍ ብቻ ያሳየናል። በመካከል የሚሆነውን አያሳይም።

በመካከል የሚሆነው ይህ ነው። ግፊቱ የሚመጣው በሲሊንደሩ መሐል መስመር ላይ ነው። የክብደት ማዕከሉ ግን ከዚያ መስመር በታች ይገኛል፤ እንጨቱ፣ የቃታው ዕቃና የመወጠሪያው ዘንግ ወደ ታች ይስቡታል፣ ቴሌስኮፑ ብቻ ወደ ላይ ይስበዋል። ከማዕከሉ በላይ የተገፋ ነገር ደግሞ መሽከርከሩ አይቀርም። ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲሄድ አፈሙዙ ወደ ላይ ይነሳል፣ ወደ ፊት ሲመለስ ያጎነብሳል።

300 ግራሙ ለምን አልጠቀመም

ማዕከሉ ከመስመሩ 15 ሚሊ ሜትር በታች ነው እንበል። 4.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን እንዲህ ያለ ጠመንጃ መዞርን የመቃወም አቅሙ ወደ 0.28 ኪሎ ግራም ሜትር ካሬ ነው ብለን ብንገምት፣ በነጻ ቢተው አፈሙዙ የሚነሳው በ30 ሜትር ርቀት 39 ሚሊ ሜትር ያህል በሚሆን ማዕዘን ነው። ይህ ብቻውን ችግር አይደለም፤ ሁልጊዜ እኩል ከሆነ ቴሌስኮፑ ሲስተካከል አብሮ ይዋጣል። ችግሩ እኩል አለመሆኑ ላይ ነው። አያያዛችሁ ይህን መነሳት በአሥር በመቶ ከቀየረው በ30 ሜትር 4 ሚሊ ሜትር ስታችኋል። ሞላ ጠመንጃ አያያዝ ይመርጣል የሚባለው ለዚህ ነው። "አያያዙን አይተው ጭብጦውን ይቀሙታል" ይባላል፤ እዚህ የሚቀማው ነጥብ ነው።

አሁን ሰደፉ ውስጥ 300 ግራም እንጨምር። ቦታው ከማዕከሉ 35 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ፣ ከሲሊንደሩ መስመር ደግሞ 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ነው። ከርቀቱ የተነሳ መዞርን የመቃወም አቅም ወደ 0.314 ያድጋል፤ ይህ ጥሩ ነው። ግን እርሳሱ ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ ማዕከሉ ራሱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ወርዶ ክፍተቱ ከ15 ወደ 17.8 ይሰፋል። ሁለቱ ተጣፍተው ውጤቱ በ30 ሜትር 41 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 300 ግራም ተሸክመን በ2 ሚሊ ሜትር ብሶብን ቀረ!

በሌላ በኩል 200 ግራም ብቻ አፈሙዙ ላይ፣ ከማዕከሉ 45 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት፣ በራሱ በመስመሩ ላይ ብናደርግስ? መዞርን የመቃወም አቅም ወደ 0.319 ያድጋል፣ ማዕከሉም በግማሽ ሚሊ ሜትር ትንሽ አልፎ ከፍ ይላል። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሠራሉ። ውጤቱ 32 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ መነሳቱ በ16 በመቶ ያህል ቀነሰ። መዶሻን በጭንቅላቱ ይዞ ማወዛወዝና በእጀታው ጫፍ ይዞ ማወዛወዝ የሚለያየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ርቀቱ በራሱ እየተባዛ ይቆጠራል፣ ክብደቱ ግን አንዴ ብቻ።

እነዚህ ቁጥሮች ለስሌት የተወሰዱ ናቸው። የእናንተ ጠመንጃ ማዕከል 10 ወይም 20 ሚሊ ሜትር ላይ ሊሆን ይችላል፣ እጅና ትከሻም መነሳቱን ይቀንሳሉ። አቅጣጫው ግን አይለወጥም። ክብደት የሚጨመር ከሆነ ወደ ጫፍ ይሂድ፣ ከሲሊንደሩ መስመርም ብዙ አይራቅ። ክብደት ብቻውን ርግጫን ይገድላል የሚለውን ተስፋ ደግሞ ብትተዉት ይሻላል። 4.5 ኪሎ ግራሙ 4.8 ሲሆን 5.3 ሚሊ ሜትሩ 5 ሚሊ ሜትር ነው የሚሆነው።

የድሮዎቹ የ10 ሜትር ውድድር ጠመንጃ ሠሪዎች ይህን ቀድመው ገብቷቸው ነበር። ፋይንቬርክባው 300 ኤስ ሲተኮስ ቱቦውና ሲሊንደሩ በሐዲድ ላይ ወደ ኋላ ይንሸራተታሉ፣ እንጨቱ ግን ትከሻ ላይ ዝም ይላል። ዲያና ደግሞ በጊስ ሥርዓቱ ሁለተኛ ፒስተን ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ እየላከ ግፊቱን አጣፋው። ሁለቱም ክብደት በመከመር አልተማመኑም። እኛ ግን ሐዲድ የለንም፤ እርሳስና ነሐስ ነው ያለን።

መለካት

ከሁሉ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን፣ ሞላውም አለመወጠሩን አረጋግጡ። ከዚህ በታች ያለው ሥራ በሙሉ ሞላውን መፍታት አይጠይቅም፤ አትንኩት። ያለ አረር መተኮስም አይገባም፣ ፒስተኑ የሚያቆመው አየር አጥቶ በብረቱ ላይ ይጋጫል።

ቀጥሎ ብሎኖቹን ፈትሹ። እንጨቱን ከብረቱ የሚያያይዙት የጎን ብሎኖችና የቃታው መከለያ ብሎኖች በርግጫው ብዛት ይላላሉ። የላላ ብሎን ያለበት ጠመንጃ ሚዛኑ ቢስተካከልም ባይስተካከልም ይበትናል። የቴሌስኮፑ ማሰሪያም መንሸራተት አለመንሸራተቱን በመጻፊያ እርሳስ መስመር ምልክት አድርጋችሁ እዩት፤ ወደ ፊት የሚመለሰው ግፊት ቴሌስኮፕ ያንሸራትታል።

ጠመንጃውን ከነቴሌስኮፑ በ12 ሚሊ ሜትር ክብ እንጨት ላይ አሳርፉትና ቀጥ ብሎ የሚቆምበትን ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። ከቃታው ያለውን ርቀት ጻፉ። ይህ የርዝመቱ ሚዛን ነው። የከፍታውን ለማግኘት ቱንቢ ያስፈልጋል። የሰደፉን ጎማ አውጥታችሁ የጎማውን ብሎን መልሳችሁ አጥብቁና ጠንካራ ገመድ እሰሩበት፤ አፈሙዙ ወደ ታች ሆኖ ይንጠልጠል፣ ከሥሩ የታጠፈ ብርድ ልብስ ይነጠፍ። ከዚያው ብሎን ቱንቢ ልቀቁና ከጎን፣ ከ3 ሜትር ያህል ርቀት፣ በስልክ ፎቶ አንሱት። የቱንቢው ክር ቅድም ምልክት ካደረጋችሁበት መስመር ጋር የሚቋረጥበት ነጥብ የክብደት ማዕከሉ ነው። ከሲሊንደሩ መሐል ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ፎቶው ላይ ለኩ። ቅርብ ሆናችሁ ካነሳችሁ ፎቶው ይዋሻችኋል።

የት ድረስ መሄድ ይገባል? እኔ የምከተለው ልክ ደጋፊው እጅ ነው። ቆማችሁም ሆነ ተቀምጣችሁ ስትተኩሱ እጃችሁ የሚያርፍበትን ቦታ አስተውሉ፤ ማዕከሉ እዚያው ወይም ከዚያ ከ1 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢሆን መልካም ነው። ለቆመ ተኩስ ትንሽ ወደ ፊት መክበዱ አፈሙዙን ያረጋጋል። ቀኑን ሙሉ ይዞት ለሚዞር ሰው ግን ይህ ቅጣት ነው፤ ለአደን የያዛችሁት ከሆነ ከ100 ግራም በላይ አትጨምሩበት እላለሁ።

የሚጨመረውን መጠን ለማወቅ ጠቅላላውን ክብደት በምትፈልጉት የማዕከል ለውጥ አባዙና፣ ክብደቱ የሚቀመጥበት ከማዕከሉ ያለው ርቀት ላይ ለውጡን ቀንሳችሁ በቀሪው አካፍሉ። 4.5 ኪሎ ግራሙን ጠመንጃ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ለማምጣት በ45 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ 210 ግራም ይበቃል። በፊት እንጨቱ ውስጥ፣ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ከሆነ ግን ግማሽ ኪሎ ያስፈልጋል። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።

በባላንስ እርሳስ መሞከር

ምንም ነገር ከመሰርሰራችሁ በፊት ጎማ ቤት ሂዱና ባለ 5 እና ባለ 10 ግራም የሚለጠፉ የባላንስ እርሳሶችን ግዙ። ቱቦው ላይ መጀመሪያ ፕላስተር ጠቅልሉ፤ ሙጫው ቀለሙን እንዳያነሳው። ከዚያ እርሳሶቹን ዙሪያውን እኩል አድርጋችሁ ለጥፉና በላዩ ፕላስተር ድገሙበት። በአንድ ጎን ብቻ ከለጠፋችሁ ጠመንጃው በእጃችሁ ውስጥ ወደዚያ ጎን መዞር ይፈልጋል። በ50 ግራም እየጨመራችሁ በእያንዳንዱ ደረጃ አሥር አሥር ጥይት ተኩሱ። አምስት ጥይት ያታልላል፤ የተሻለ የመሰለው ብዙውን ጊዜ ዕድል ነው። ሙከራውን በጠረጴዛና በከረጢት ላይ ብቻ አታድርጉት፣ እውነተኛው ፈተና በምትወዳደሩበት አቋም ላይ ነው።

የምትፈልጉት ምልክት የቀዳዳዎቹ ከላይ ወደ ታች መዘርጋት መቀነሱ ነው። ወደ ጎን መበተኑ ብቻ ከቀረ ምክንያቱ ሌላ ነው፦ ቃታ አሳሳብ፣ ንፋስ፣ ወይም ጠመንጃውን አጋድሎ መያዝ። ለመጨረሻው ቴሌስኮፑ ላይ ትንሽ ውሃ ልክ መግጠም ከእርሳስ ይልቅ ይጠቅማል።

ወደ 150 ግራም ስትጠጉ መሻሻሉ ይቀንሳል፣ ክንድ ግን መድከም ይጀምራል። የት ማቆም እንዳለባችሁ ውድድሩ መጨረሻ አካባቢ ያለው ክንዳችሁ ይንገራችሁ።

ቋሚ ማድረግ

ለአፈሙዝ ክብደት ነሐስ እመርጣለሁ። ቶርኖ ቤት 25 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 50 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ድፍን ነሐስ 208 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ቱቦው እንዲገባበት ሲቦረቦር ከዚያ ስለሚቀንስ ረዘም አድርጋችሁ ጀምሩ። ከአፈሙዙ አልፎ ወደ ፊት የሚወጣ ክፍል ካለው አረሩ የሚያልፍበት ቀዳዳ ለ4.5 ሚሊ ሜትር አረር ከ6 ሚሊ ሜትር ያላነሰና ፍጹም መሐል ላይ መሆን አለበት። አረሩ ጠርዙን ትንሽ ከነካ የሚሄድበት አይታወቅም። ማጥበቂያ ብሎኖቹ ጫፋቸው ናይለን ወይም ነሐስ ይሁን፣ በኃይልም አይጥበቁ፤ ብረት ብሎን ቱቦውን ይወጋል፣ ከመጠን በላይ ሲጠብቅም የውስጡን ስፋት ሊያዛባ ይችላል።

ቱቦው የሚሰበር ጠመንጃ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። አፈሙዙ ላይ የተጫነው ሁሉ በማጠፊያው ላይ ይንገላታል። እዚያ ከ100 ግራም ባይበልጥ ይሻላል፣ የማጠፊያውም ብሎን ጨዋታ እንዳይኖረው በየጊዜው ይታይ።

የእጃችሁ ቦታና የምትፈልጉት አቋም ወደ ኋላ ክብደት የሚጠይቅ ከሆነ ሰደፉ ውስጥ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን በተቻለ መጠን ከላይ፣ ከጉንጭ ማሳረፊያው ሥር ይሁን። በ20 ሚሊ ሜትር ፑንታ ከጎማው በኩል ቀጥ ብላችሁ ሰርስሩ፣ ወደ አንገቱ ቀጭን ክፍል ግን አትጠጉ። እንጨት የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። በሁሉም ጎን ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር እንጨት ይቅር፣ የጎማው ብሎኖችም ቦታቸውን አይጡ። የእርሳስ ፍሬ ሲደረደር በመካከሉ ክፍተት ስለሚኖር 200 ግራሙ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ኩብ ቦታ ይፈልጋል። ፍሬውን በኢፖክሲ አድርቁት። ልቅ ሆኖ የተሞላ እርሳስ በእያንዳንዱ ተኩስ መጀመሪያ ወደ ፊት፣ ቀጥሎ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ድምፅ ያሰማል፣ ሚዛኑም ከተኩስ ተኩስ ይለያያል። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። እርሳስ ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

አንድ መንገድ ግን በጥንቃቄ መታየት አለበት። አንዳንዱ ሚዛን ለመቀየር ብሎ ፒስተኑ ውስጥ ያለውን የሞላ መሪ በከባድ ወይም በቀላል ይለውጣል። ይህ የጠመንጃውን ጉልበት ይቀይራል። በእንግሊዝ ያለ ፈቃድ የሚያዝ የአየር ጠመንጃ ከ16.27 ጁል ማለፍ የለበትም፣ በጀርመን ደግሞ ገደቡ 7.5 ጁል ነው። በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ለአየር ጠመንጃ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። በነዚህ አገሮች ያላችሁ ወገኖች ውስጡን የነካ ሥራ ሁሉ በፍጥነት መለኪያ መፈተሽ እንዳለበት አትርሱ፤ 0.547 ግራም አረር በሴኮንድ 244 ሜትር ሲደርስ የእንግሊዙ ገደብ ላይ ነው። ውጭ የተለጠፈ እርሳስ ግን ፒስተኑን አይነካም።

ክብደቱ ቋሚ ከሆነ በኋላ ቴሌስኮፑ እንደ አዲስ ይስተካከላል፤ መምቻው ነጥብ መቀየሩ አይቀርም። የእጃችሁም ቦታ ይቀየራል። መዳፉን ክፍት አድርጋችሁ ከአዲሱ ማዕከል 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ፣ ማዕከሉ ላይና 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት በተራ እየያዛችሁ አሥር አሥር ተኩሱና ጠበብ ያለውን ቦታ እንጨቱ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ከ50 ጥይት በኋላ የአፈሙዙን ክብደትና የእንጨቱን ብሎኖች አንድ ጊዜ እንደገና አጥብቁ።